አውራ ጣቴን ያነሣሁበት ቅዳሜ

በ፲፱፻፷፪ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። ጤፉ ታጭዶ ገና ያልተወቃበት፣ የደብረ ማርቆስ ነፋስ አቧራ ማንሣት የጀመረበት፣ ጾመ ነቢያት የገባበት ሰሞን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ነገሩን ካሰብኩት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ግን የልጅ ልጄ ስልኬን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ባሕር ዳር ላለው ልጄ የድምፅ መልእክት መላክ አስተማረችኝ።

«እማማ፣ እዚህ ላይ በአውራ ጣትሽ ትጫኛለሽ። እስክትጨርሺ እንዳትለቂ» አለችኝ።

ተጫንኩ። ለልጄ ሰላምታ አቀረብኩ፣ ስለ ጤናው ጠየቅኩ፣ መረቅኩት። ጨርሼ ልለቅ ስል ሳላስበው «በቀኝ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ልጅቱ ሳቀች። ልጄም ከባሕር ዳር መልሶ «እማዬ፣ በቀኝ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። የድሮ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

እሷ ስትወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና በጨርቅ የተጠቀለለችውን ጥቁር መናገሪያ አወጣሁ። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት፤ ጎኗ ላይ ቁልፍ አላት፣ የተቆረጠ ሽቦ ከሥሯ ተንጠልጥሏል። ቁልፏን ስጫናት ዛሬም ጠቅ ትላለች። ይህን የምጽፈው ልጆቼ ያችን ጠቅታ እንዲያውቋት ብዬ ነው።

እታለም የእናቴ ታላቅ እኅት ነበረች። የክርስትና ስሟም የዓለም ስሟም ሌላ ነው፤ እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እታለም ስለምትላት አገር ሁሉ እታለም አላት። ደጀን፣ አውራ ጎዳናው ዳር ጠላ ቤት ነበራት። ወደ ዓባይ የሚወርዱትም ዓባይን ወጥተው የመጡትም ሾፌሮች እሷ ቤት ሳይቀምሱ አያልፉም ነበር። ልጅ አልወለደችም። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ስትታመም እታለም የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ወሰደችኝ፤ የተመለስኩት ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ብርቄ የሚለውን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ያስታወስኩት የሰው ጠረን የእሷ ጠረን ነው፤ የጌሾና የእንጨት ጢስ።

ሁለቱ እኅትማማቾች የተጣሉት በታላቅ ወንድሜ ሠርግ ነው። እናቴ ከመጀመሪያው ጋን ቀድታ ለእታለም ሰጠቻት። እታለም ቀመሰች፣ ዋንጫውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ሰው በተሰበሰበበትም «ደኅና ነው፤ ለጥም ይሆናል» አለች። ጠላ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። እናቴም ዘወር ሳትል «ልጅ ያልዳረ ስለ ሠርግ ጠላ ምን ያውቃል» ብላ መለሰችላት።

የእታለም ቃል ያረፈው ጋኑ ላይ ነበር። የእናቴ ቃል ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። እታለም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጠችም።

አራት ዓመት ሽማግሌ ተመላለሰ። እታለም «ይቅርታዋን ከራሷ አፍ ካልሰማሁ አይሆንም፤ ትምጣ» ትላለች። እናቴ «ታላቄ ናት፣ እውነት ነው፤ መጀመሪያ የነካችኝ ግን እሷ ናት፤ እሷ ትምጣ» ትላለች። አንድ ፋሲካ ሽማግሌዎች አባብለው ጉንደ ወይን ላይ ዘመድ ቤት አገናኟቸው። ሁለቱም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ፣ አንዷም ሳትሰማ ሁለቱም ጨረሱ፣ ሁለቱም ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹም ሰለቻቸው።

የእኔ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። እጮኛዬ ደግ ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማርና በኋላም ደግነቱ አልጎደለብኝም። ግን ያለ እታለም ሙሽራ መሆን አልሆንልሽ አለኝ። ያዘለችኝ ሴት ሳትመርቀኝ ከቤት ልወጣ ነው? ይህን ለእናቴ መናገር አልቻልኩም፤ ለእመቤታችን ብቻ ነገርኩ።

በዚያ ዘመን በከተማችን የሕንድ አስተማሪዎች ነበሩ። ሚስተር ኩርያን ከእነሱ አንዱ ናቸው። ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። በአገራቸውም ክርስቲያን ነበሩና እሑድ እሑድ ጫማቸውን አውልቀው ከእኛ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ፤ አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ስለዚህ ነገር ይወዷቸው ነበር። ሚስተር ኩርያን አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ነበረቻቸው፤ በውስጧም የመነጋገሪያ ሬዲዮ። ሬዲዮዋን አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ላይ በርካሽ የገዟት ናት። አመድ የመሰለች የቆርቆሮ ሣጥን፣ ከመሪው ጎን በሁለት ብሎን የታሰረች። አንዱ መዘውሯ ጠፍቶ በጠርሙስ ቡሽ ተተክቷል። አምፑሎቿ እስኪሞቁ አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ማድረስ ይቻላል። ከመኪናዋ ኋላ ረዥም የብረት ዘንግ ቆሞ በነፋስ ስለሚወዛወዝ ልጆች «አለንጋዋ መኪና» ይሏታል። ሰው ሲስቅባት ሚስተር ኩርያን ሣጥኗን መታ መታ ያደርጉና «ርካሽ ናት፤ ግን ታማኝ ናት» ይላሉ። ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል ነበር።

እሳቸው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ደጀን ድረስ እየነዱ ከገደሉ አፋፍ ይቆማሉ። ከዚያ ላይ ሆነው እንደ እሳቸው ሬዲዮ ካላቸው የባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ። የመንግሥት ፈቃድ ነበራቸው፤ ወረቀቱ መኪናዋ ውስጥ ተለጥፏል። ከዓለሙ ሁሉ ጋር ተነጋግረው ሲያበቁ ደግሞ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አናን ይጠራሉ። እቤታቸው ከመስኮቱ ሥር ሌላ ተለቅ ያለ ሬዲዮ ነበር።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ወይዘሮ አና ዘንድ ሹራብ መሥራት እማር ነበር። አንድ ቀን እየሠራን ሳለን የሚስተር ኩርያን ድምፅ ከሣጥኑ ወጣ። ወይዘሮ አና መለሱላቸው። ምን አሉ ብዬ ብጠይቅ፣ ሽምብራ እሸቱን ልግዛ ወይስ ደረቁን ነው የሚሉኝ አሉኝ። ከየት ሆነው ነው ብላቸው፣ ከደጀን አሉኝ።

የሹራብ መርፌዬ ከእጄ ወደቀ። ደጀን። ከእታለም ደጅ።

ነገሩን ለሚስተር ኩርያን የነገርኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ብዙ አልጠየቁኝም። እሳቸውም ባገራቸው እኅት እንዳለቻቸው ብቻ ነገሩኝና፣ የሚቀጥለው የደጀን ቅዳሜ ይሁን አሉ።

ቤት ገብቼ ለአባቴና ለእናቴ ስነግር እናቴ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ከዚያ ያችው እታለም ትመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አትመጣም አልኳት። እኔስ እሄዳለሁ? አለች። አትሄጅም አልኳት። አባቴ ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ።

«እንግዲህ ማንም ካልሄደ ማንም አልተሸነፈም» አሉ። እናቴ ምስሩን መልቀም ቀጠለች፤ እንቢ ግን አላለችም።

ቅዳሜ በማለዳ ተነሣን። ለደንቡ ብለው አባቴ የሰፈራችንን እማሆይ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመኗቸው። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከኋላ አጠገቤ ተቀመጡ። አየሩ ብርዳም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ነዶ እንደ ተኛ መንጋ ተደርድሯል። ሉማሜ ላይ ቆመን የገብስ ቆሎ ገዛን፤ ትኩስ ስለነበር ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ እጄን አሞቅኩበት። እማሆይ ጥርስ ስለሌላቸው ሽታውን ብቻ ተቀበሉ። ባሕር ዛፉ ወደ መንገዱ ባዘነበለበት ሁሉ ዘንጋችን ቅርንጫፍ እየመታ ያፏጫል፤ የትኖራ በምትባለው ከተማ ስናልፍ ልጆች እየጮሁ ተከተሉን። እኔ ልቤ ወደ ፊት ሄዷል። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም እያልኩ ነው።

እታለም ደጃፏን እያጠበች አገኘኋት። ባልዲውን ጥላ አቀፈችኝ። ከስተሻል አለችኝ፤ ባገኘችኝ ቁጥር የምትለው ነው። ተልባ በጥብጣ፣ እሸት ሽምብራ ጠብሳ አቀረበች፤ ጣቴ እስኪጠቁር ፈለፈልኩ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት።

«እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንተያይም?»

«አትተያዩም።»

«ይሁን» አለች። «ፊቷን ካላየሁ ንግግሬ ይቀናልኛል።»

ሚስተር ኩርያን መኪናዋን ከአፋፉ ዳር አቁመው ሬዲዮዋን ሲያሞቁ ጠበቅናቸው። ከሥራችን የዓባይ በረሃ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከጠላ ቤቷ ሁለት ሾፌሮች ተከትለውን መጡ፤ አንደኛው፣ እታለም ሰው አልበቃ ብሏት ዛሬ መኪና ልትመክር ነው ሲል ሰማሁት። እሷ አልመለሰችለትም። የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ነበር።

መናገሪያዋን እኔ ያዝኩ። እታለም ስትናገር በሁለት እጇ ነው፤ የመናገሪያዋ ቁልፍ ደግሞ ሞላው ስለደከመ ጠበቅ አድርገው ካልያዙት ይለቃል። ማርቆስም ላይ፣ ወይዘሮ አና ቤት፣ እንዲሁ፣ እናቴም በእጇ ተናጋሪ ስለሆነች፣ ቁልፉን የሚይዙት አባቴ ናቸው። ሚስተር ኩርያን ቁልፉ ሲያዝ መናገር፣ ሲለቀቅ መስማት እንደሆነ አስረዱን። እኛም ገባን አልን። አልገባንም ነበር።

ከሣጥኑ የወይዘሮ አና ድምፅ መጣ፤ ዝግጁ ነን አሉ። እኔ ተጫንኩ። እታለም ጉሮሮዋን ጠረገችና ሰላምታ ጀመረች። እንደምን ከረማችሁ፣ ቤቱስ፣ ከብቱስ፣ ልጆቹስ፣ መሪጌታስ፣ ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያለች ሄደች፤ እንዳገራችን ወግ። ስትጨርስ ለቀቅኩ።

ጸጥታ።

እንደገና ሰላምታ አቀረበች፤ አሁንም ጸጥታ። ሦስተኛ ጊዜ ስለቅ ግን የእናቴን ድምፅ ጭራ ሰማሁት፤ «...ይመስገን» የሚል። ያኔ ገባኝ። እናቴም እዚያ ሰላምታ ላይ ናት። ባገራችን ሰው ሰላም ሲልህ ዝም ብለህ አትሰማም፤ እሱ ሲልህ አንተም ትለዋለህ፣ ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ይሄዳል። ዝም ብሎ ሰላምታ የሚቀበል የተቀየመ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለቱም አንድ ጊዜ ይላሉ፣ ሁለታችንም አንድ ጊዜ እንጫናለን፣ ማንም ማንንም አይሰማም።

እማሆይ ከኋላ ወንበር «እንዲህ እንዲህስ ጉንደ ወይንም ሆኖ ነበር» አሉ። «ለዚህ ነዳጅ ማቃጠል ምን አስፈለገ?»

እታለም ግን ፊቷ ተለወጠ። «ሦስት ጊዜ ሰላም አልኳት። ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰችም» አለችና ነጠላዋን አጣፋች። ያችን ማጣፋት አውቃታለሁ። ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ልከተላት መናገሪያዋን ጥዬ አልሄድ፣ ሽቦው አጭር ነው።

አምስት እርምጃ ያህል እንደሄደች ሣጥኑ ተናገረ። የአባቴ ድምፅ ነበር። አባቴ በእኅትማማቾቹ ነገር አንድም ቀን ገብተው አያውቁም።

«እትዬ፣ መሪጌታ ነኝ» አሉ። «ሁለታችሁም ሰላም ተባብላችኋል፤ አንድ ላይ ስላላችሁት ነው ያልተሰማው። ከእንግዲህ እንደ ማኅሌት ነው። ማርቆስ ቀኝ፣ ደጀን ግራ። ቀኝ ሲል ግራ ዝም ይላል፣ ግራ ሲል ቀኝ ዝም ይላል። እኛ ስንጨርስ በግራ እንላለን፤ እናንተ ስትጨርሱ በቀኝ ትላላችሁ። የሌላውን ተራ የሚነካ ማኅሌቱን አፈረሰ። በግራ።»

እታለም ቆመች። በደብር ያደገች ሴት ናት፤ ዲማ ገዳም የተማሩት አባቷ ማኅሌት የቆሙ ሰው ነበሩ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ተመለሰች። ተጫንኩላት። ሰላምታዋን በአጭሩ አለች፤ ከዚያ ያልለመደችውን ቃል እንደ ትኩስ ነገር አፏ ውስጥ አገላብጣ «በቀኝ» አለች። ለቀቅኩ።

የእናቴ ሰላምታ መጣ፤ ከእነ ሙሉ ቃሉ። እታለም አፏ ሳይንቀሳቀስ ሰማች። እታለም ስትሰማ ያየሁት ያን ቀን ነው። ራሷን ወደ ሣጥኑ ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ከሰላምታው በኋላ እናቴ ቀጠለች።

«እታለም፣ ልጅ ያልዳረ ምን ያውቃል ብዬሻለሁ። ክፉ ቃል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎት ላይ ስቆም ያች ቃል ቀድማኝ ቆማ አገኛታለሁ። ይቅር በይኝ። አንቺም ግን...»

ሣጥኑ ጭጭ አለ። ሚስተር ኩርያን ደንግጠው ቡሹን አዞሩ፣ ሣጥኑን መቱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአባቴ ድምፅ «በግራ» ብቻ አለ።

«አንቺም ግን ምን? ምን ልትል ነበር?» አለችኝ እታለም።

እኔ እንጃ፣ ሬዲዮዋ ቆረጠችው አልኳት። በልቤ ግን ተመስገን አልኩ። ከዚያ «ግን» በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁና። ይህ የእግዚአብሔር እጅ ነው አልኩ፤ በደኅናው ቃል ላይ ቆረጠልን።

እታለም ተራዋ ደረሰ። እጆቿን ሳታነሣ ነው የተናገረችው።

«ልጅ አልዳርኩም፤ እውነትሽን ነው። ብርቄን ግን አምስት ዓመት አዝያታለሁ። መጥተሽ የወሰድሻት ቀን አቧራችሁ እስኪጠፋ ድረስ እዚሁ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። አላለቀስኩም፤ ያንቺ ናታ። ያን የተናገርሽኝ ቀን ግን አለቀስኩ። በቀኝ።»

ሾፌሮቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር፤ መቼ እንዳወለቁ አላየሁም። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ከወትሮው ቀጠን ብሎ።

«እኔ ወለድኳት እንጂ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። ጥር ላይ ነው። አንቺ ዳሪያት። በእናት ቦታ አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ በአክስት ቦታ እቀመጣለሁ። በግራ።»

እታለም የመኪናዋ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷ አቧራ ነካው፤ ግድ አልሰጣትም። መናገሪያዋን ወደ አፏ አስጠግቼ ተጫንኩ።

«እመጣለሁ» አለች። «በልጄ ሠርግ እቀራለሁ እንዴ? ከሳምንት ቀድሜ እመጣለሁ። ግን...»

አውራ ጣቴን አነሣሁ።

ማንም ያላዘዘኝን አደረግኩ። ያችን «ግን» እንደ ሰማሁ ጣቴ በራሱ ተነሣ። እታለም ሳታውቅ ለሞተው መናገሪያ ቀጠለች፤ ጠላውን እኔ ነኝ የምጠምቀው፣ የእሷ ያኔም ውኃ ነበር፣ ዛሬም ውኃ ነው፣ ጌሾ ወቀጣ እንኳ አታውቅም አለች። ቃሉ ሁሉ ወደ ዓባይ ገደል ሄደ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃን» ማለት ስትጀምር ጣቴን መለስኩ። «በቀኝ» አለች።

ከሣጥኑ የእናቴ «አሜን» መጣ። «አሜን፣ አሜን» እያለች ማልቀሷ ይሰማ ነበር። እታለምም እዚህ አሜን ትላለች። አሁን አንድ ላይ ቢሉትም ማንም አልከለከላቸውም። አንደኛው ሾፌር አንገቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ፤ እታለም ያን ዕለት ለሁለቱም አንድ አንድ ጣሳ ጨመረችላቸው።

ደስታዬን አንድ ነገር ነካብኝ። ሚስተር ኩርያን፣ ወይዘሮ አና ከወዲያ የእታለምም ቃል እንደተቆረጠባቸው ስለነገሯቸው፣ ሬዲዮዋ ሁለት ጊዜ ቆረጠች ብለው ከዚያ ጀምሮ ሥራ ያዙ። ብሎኖቿን ፈትተው፣ ሆዷን ከፍተው፣ አምፑሎቿን አንድ በአንድ እያወጡ እየጠረጉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋሉ። እታለም ምሳ ብትልክላቸው አልበሉም። ስንመለስ ሉማሜ አካባቢ ሲደርሱ በመስታወቱ አዩኝና ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ታማኝ ናት እላት ነበር፣ በእንደዚህ ያለ ቀን አሳፈረችኝ አሉኝ።

መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እውነቱ ከወጣ ዕርቁ የሚፈርስ መሰለኝ።

እማሆይ አጠገቤ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ማርቆስ ልንገባ ስንል ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳያነሡ «ነገ ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባትሽ ቤታቸው ናቸው» አሉኝ። አውራ ጣቴን አይተውት ኖሯል።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ እታለም ከስታ እንደሆነ ነው። አልከሳችም አልኳት። ነጠላዬን ተቀበለችኝና ወደ ጓዳ እየገባች «ጠላውን እሷ ትጥመቀው» አለች። «የእኔስ እውነትም ውኃ ነው።»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ቃል ከደጀን መጥቶ ቢሆን ኖሮ አራት ዓመት ደግሞ ይጨምርብን ነበር። ከራሷ አፍ ሲወጣ ግን ሳቀችበት።

ጥር ላይ ተዳርኩ። እታለም በእናት ቦታ ተቀመጠች፣ የጠመቀችው ጠላም ለሳምንት ተወራ። እንግዳው ሲያመሰግን እናቴ የእኅቴ ነው እያለች ስትመልስ ሰማኋት። ሁለቱም ዛሬ በዐፀደ ነፍስ ናቸው፤ እስከ መጨረሻቸው ድረስ ሲነጋገሩ አንዷ ስትጨርስ «በግራ» ትላለች፣ ሌላዋ ትስቃለች። ሚስተር ኩርያንም እውነቱን በዚያው ሳምንት ከእኔ ሰምተው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አገራቸው ሲመለሱ ሬዲዮዋን ይዘዋት ሄዱ፤ መናገሪያዋን ግን ሽቦዋን ቆርጠው ለእኔ ተዉልኝ። የተበላሸችው ይህች ብቻ ናት አሉኝ።

ስምንት ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ብዙ ጠብ አይቻለሁ። ልጆቼ ሲጣሉ እንደ አባቴ ቀኝና ግራ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። «ግን» ሲመጣ ደግሞ የምችለውን አደርጋለሁ። ለሁሉም ጌታዬ ይመስገን፤ ለርካሿም ሬዲዮ።

የማግስቱን ጠዋት ልጨምርና ላብቃ። እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ እናቴን ተሰናብቼ ብቻዬን ወደ ነፍስ አባታችን ቤት ሄድኩ። ኃጢአቴን በመንገድ ላይ አስተካክዬ ያዝኩ፤ የሰው ቃል ቆርጫለሁ፣ ያልበደለችውን ሬዲዮ አሳምቻለሁ። አጥሩን አልፌ ስገባ ከደጃቸው ባለው ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተራ ይጠብቃል። ጠጋ ስል አባቴ ናቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴን አዩ፣ ከዚያ እጄን አዩ።

«አንቺም አውራ ጣትሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ተራዬን ጠበቅኩ።